ባለቤት የሌለው ግስ



ከጥቂት ጊዜ በፊት በጎባ ከተማ በአንድ ቡና ቤት ተቀምጬ መጽሐፍ ሳነብ፣ ዕድሜያቸውም ዕውቀታቸውም የሚያስከብራቸው አንድ ሰው አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። በእጄ የያዝሁትን ተመልክተውም «ይህ ደግሞ ስለ ምን ይናገራል?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም «በዘመናዊ መሥሪያ ቤት ውስጥ ስለሚሠራው ከንቱ ነገር እያሳቀ የሚናገር ልብ ወለድ ነው» ብዬ መለስሁላቸው። እርሳቸው ግን ፊታቸውን ቋጠር አድርገው፣ «በመሥሪያ ቤት መሳቅ በመንግሥት መሳቅ ነው። ለወጣት የሚያስፈልገው ሥራን የሚያስከብር መጽሐፍ እንጂ ሥራን የሚያስንቅ መጽሐፍ አይደለም» አሉኝ። ሰውየው ታላቄ ስለ ሆኑ አፌን ይዤ ዝም አልሁ። ነገሩ ግን ብዙ ቀን ሲከነክነኝ ሰነበተ። እነሆ፣ በዚያን ሰዓት ለእርሳቸው ያልመለስሁትን መልስ ዛሬ ለእናንተ እመልሳለሁ። ለእናንተ የምመልስበትም ምክንያት፣ በየዓመቱ በሮቤ ከመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ከሌላው ትምህርት ቤት ከምትወጡት መካከል ብዙዎቻችሁ ነገ በአንድ ጠረጴዛ ኋላ ስለምትቀመጡ ነው። ከመቀመጣችሁ በፊት ወንበሩን ማወቅ ይገባችኋል።

በእጄ የነበረው መጽሐፍ ጆሹዋ ፌሪስ የሚባል አሜሪካዊ የጻፈው ነው። በ2007 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ታተመ። ታሪኩ የሚፈጸመው በቺካጎ ከተማ በአንድ የማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ ነው። ድርጅቱ ሥራ እያጣ ሠራተኞቹን አንድ በአንድ ያሰናብታል። የቀሩትም ሰዎች ቀናቸውን የሚገፉት በሐሜት፣ ሥራ የያዙ መስሎ በመታየት፣ ይልቁንም የተሰናበተውን ጓደኛቸውን ደኅና ወንበር ለራሳቸው በመውሰድ ነው። ወንበሩ ላይ ደግሞ የንብረት ቍጥር ተለጥፎበታልና ቍጥሩ እንዳያጋልጣቸው ሲጨነቁ እንቅልፍ ያጣሉ። እንጀራቸው ሊቋረጥ አንድ ሐሙስ የቀራቸው ሰዎች ስለ ወንበር ቍጥር ሲጨነቁ ማየት በእውነት ያስቃል። ነገር ግን ደራሲው ይህን ሁሉ ሲያወራ «እነርሱ እንዲህ አደረጉ» አይልም። «እኛ እንዲህ አደረግን» ይላል እንጂ። ይህች «እኛ» የምትባል አንዲት ቃል የመጽሐፉ ጨው ናት። ሳቁ ከሹፈት ተለይቶ ንስሐ የሚሆነው በእርስዋ ነው።

በእኛም አገር ወንበር ተራ ዕቃ አይደለም። በቤተ ክህነት «ወንበር ዘረጋ» ሲባል ማስተማር ጀመረ ማለት ነው። «የዳኝነት ወንበር» ሲባልም የሰው ሕይወትና ንብረት የሚመዘንበት ቦታ ማለት ነው። ስለዚህ ወንበር አባቶቻችን ዘንድ ሸክም ነበረ። ዛሬ ግን ብዙው ሰው ሸክሙን መሬት አውርዶ በላዩ ተቀምጦበታል።

እንግዲህ ከቺካጎ ወደ ጎባ እንመለስ። ጎባ ከባሕር ወለል ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች የደጋ ከተማ ስለ ሆነች፣ ጧት ጧት ከሳነቴ ሜዳ የሚወርደው ብርድ አጥንት ይነካል። በዚህ ብርድ ገና ሳይነጋ ተነሥቶ፣ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ ወደ መሥሪያ ቤት በር የሚመጣውን ሰው ከእናንተ መካከል ያላየ የለም። አንዳንዱ ከደሎ መና ተነሥቶ፣ የሐረናን ደን አቋርጦ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነውን የሳነቴን ሜዳ ተሻግሮ የመጣ ነው። ሌላው ከሲናና ወይም ከአጋርፋ የስንዴውን አጨዳ ትቶ የመጣ ነው። ሮቤና ጎባ የሚራራቁት ከ15 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ መንገድ ነው። ነገር ግን እዚህ ሲደርስ «ይህ የሚታየው እዚያ ነው»፣ እዚያ ሲደርስ «የለም፣ እዚያው ነው» እየተባለ የሚመላለስ ባለጉዳይ በዓመት ውስጥ የሄደበት መንገድ ቢለካ፣ አዲስ አበባ ደርሶ በተመለሰ ነበር።

ከጧቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ይከፈታል። ባለጉዳዩ አንገቱን አስግጎ ሲመለከት ወንበሩ ባዶ ነው፤ በወንበሩ መደገፊያ ላይ ግን ኮት ተሰቅሏል። ኮቱ በሰዓቱ ገብቷል፤ ሰውየው ግን የለም። «የት ሄዱ?» ቢል «ስብሰባ ላይ ናቸው» ይባላል። «መቼ ይመጣሉ?» ቢል «አይታወቅም» ይባላል። በሳነቴ ሜዳ የሚኖረውን ትልቁን ፍልፈል አይታችሁት ይሆናል። ራሱን ብቻ ከጕድጓዱ ብቅ አድርጎ ሣሩን ይለቅማል። ቀይ ቀበሮ የቀረበው ሲመስለው ግን ወዲያው ተመልሶ ይገባል። የዚህ ዓይነቱም ሹም እንዲሁ በበሩ ስንጥቅ ብቅ ብሎ፣ የቆመውን ሰው ብዛት አይቶ፣ ተመልሶ ይሰወራል። ልዩነታቸው ይህ ነው፤ ፍልፈሉ የሚሸሸው የሚበላውን አውሬ ሲሆን፣ ሹሙ ግን የሚሸሸው የሚያበላውን ገበሬ ነው።

ይህ ሁሉ ያስቃል፤ ዳሩ ግን የነገሩ ሥር ገና አልተነካም። ባለጉዳዩ ሦስት ወር ከተመላለሰ በኋላ አንድ ደብዳቤ ይሰጠዋል። ደብዳቤው ቍጥር አለው፤ ማኅተም አለው፤ ግልባጩም ለአራት ክፍል ተልኳል። ቃሉ እንዲህ ይላል፤ «ያቀረቡት ጥያቄ ታይቶ አግባብነት ያለው ሆኖ ስላልተገኘ ሊስተናገድ እንዳልቻለ እንገልጻለን።» በሰዋስው ትምህርት ግስ ያለ ባለቤት እንደማይቆም ተምራችኋል። «ሰበረ» ባልን ጊዜ የሰበረ አለ። «በላ» ባልን ጊዜ የበላ አለ። እንግዲያስ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ «ታይቶ» ሲል ያየው ማን ነው? «ስላልተገኘ» ሲል ፈልጎ ያጣው ማን ነው? «ሊስተናገድ እንዳልቻለ» ሲልማ ጥፋቱ የጥያቄው ነው! ሰው አልከለከለውም፤ ጥያቄው ራሱ አቅም አንሶት መስተናገድ ተሳነው። በመጨረሻ «እንገልጻለን» የሚለው ግስ ብቻ «እኛ» አለበት። ይህም «እኛ» ገላጭ እንጂ ወሳኝ አይደለም። የቺካጎው መጽሐፍ «እኛ» ሲል ይናዘዛል፤ የእኛ ደብዳቤ ግን «እኛ» ሲል ይደበቃል።

በቋንቋችን «ባለቤት» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይናገራል፤ የግሱን አድራጊና የቤቱን ጌታ። ይህ አጋጣሚ ብቻ አይመስለኝም። ባለቤት በሌለው ቤት ሌባ እንደሚገባ ሁሉ፣ ባለቤት በሌለው ግስም ውስጥ በደል ይገባል። ማንም አልወሰነውምና ይግባኝ የሚባልበት ሰው የለም። ማንም አልበደለምና የሚያፍር ሰው የለም።

አሁን የልብ ወለድን ጥቅም ተመልከቱ። ደራሲ «ዶሴው ጠፋ» ብሎ ለማለፍ አይችልም። አንባቢው ወዲያው «ማን አጠፋው? በምን ሰዓት? በዚያን ጊዜ በእጁ ምን ይዞ ነበር?» ብሎ ይጠይቀዋል። ስለዚህ ደራሲው ለዚያ ባለቤት ለሌለው ግስ ባለቤት ይፈልግለታል። ስም ያወጣለታል፤ ኮት ያለብሰዋል፤ ሚስትና የቤት ኪራይ ይሰጠዋል፤ ከዚያም በኋላ በዶሴው ላይ የሻይ ብርጭቆውን ሲያስቀምጥ ያሳየናል። መሥሪያ ቤት የሰወረውን ሰው ልብ ወለድ መልሶ ያመጣዋል። ሥራውም ሥራን ማስናቅ ሳይሆን ለሥራ ባለቤት ማግኘት ነው።

ይህ በሽታ የእኛ ብቻ ነው የሚል ቢኖር ተሳስቷል። የመስኮቡ ደራሲ ኒኮላይ ጎጎል በ1836 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር አንድ ትያትር በፔተርስቡርግ አሳየ። የአንዲት ትንሽ ከተማ ሹማምንት ከዋና ከተማ ተቈጣጣሪ በምስጢር ሊመጣ ነው የሚል ወሬ ሰምተው ተጨንቀዋል። በዚያው ሰሞን ገንዘቡን በቁማር ተበልቶ ማደሪያ ቤት የተቀመጠውን አንድ ከንቱ ጸሐፊ ተቈጣጣሪው እርሱ ነው ብለው ያስባሉ። ይጋብዙታል፤ በብድር ስም ብር ያጐርሱታል፤ የከተማው ሹም ልጁን እስከ መዳር ያስባል። ልጁ ገንዘቡን ይዞ ከሄደ በኋላ እውነተኛው ተቈጣጣሪ መጣ። ቀዳማዊ ኒኮላስ ራሱ ትያትሩን ተገኝቶ አየው። ፍጹም ገዥ የነበረው ንጉሥ የታገሠውን ሳቅ፣ የእኛ የአንድ ክፍል ሹም ሊታገሠው አይችልምን? ደግሞስ «ተቈጣጣሪ ይመጣል» በተባለ ዋዜማ የግቢው ድንጋይ በኖራ ሲቀባ፣ ለወራት ተዘግቶ የነበረው መስኮት ሲወለወል፣ ባለጉዳዩም ለአንድ ቀን «እርስዎ» ተብሎ ወንበር ሲቀርብለት ያላየ ማን ነው?

እንግሊዛዊው የታሪክ ጸሐፊ ፓርኪንሰንም በ1955 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባወጣው ጽሑፍ የአገሩን የባሕር ኃይል ቈጥሮ ሳቀ። በ1914 አገልግሎት ላይ የነበሩት ታላላቅ የጦር መርከቦች 62 ነበሩ። በ1928 ግን 20 ብቻ ቀሩ። በዚያው ዘመን በባሕር ኃይሉ ዋና መሥሪያ ቤት የነበሩት ሹማምንት ከ2,000 ተነሥተው 3,569 ደረሱ። መርከቡ ሲቀንስ ጸሐፊው በዛ። እያንዳንዱ ሹም ከበታቹ ሁለት ረዳት ይፈልጋል፤ ረዳቶቹም እርስ በርሳቸው ደብዳቤ ይጻጻፋሉ፤ ደብዳቤውን የሚያነብ ሌላ ሰው ደግሞ ያስፈልጋል። ሁሉም ይደክማል፤ ባሕሩ ላይ ግን መርከብ የለም። እኛም ማረሻው ሳይጨምር መዝገቡ ብቻ ሲጨምር ስናይ ይህን ቍጥር ማስታወስ ይገባናል።

አሁን ወደ ተከበሩት ሰው ቃል ልመለስ። «እንዲህ ያለ ሳቅ የመንግሥትን ክብር ያፈርሳል» ብለዋል። እኔ ግን በባሌ ምድር ቆሞ ይህን የሚናገር ሰው የቆመበትን ምድር ታሪክ መርሳት የለበትም እላለሁ። ጎባ የባሌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን የመንግሥት ቋንቋ በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት መሠረት አማርኛ ነበረ። አብዛኛው ገበሬ ግን የሚናገረው ኦሮምኛ ነው። ስለዚህ ባለጉዳዩ በደሉን ለአስተርጓሚ ይነግራል፤ አስተርጓሚው ለራፖር ጻፊ ይነግራል፤ ራፖር ጻፊው «ለክቡርነትዎ» ብሎ በቴምብር ያስገባል። ገበሬው የራሱን ጩኸት አንብቦ ለማወቅ አይችልም ነበር። መሬቱም «ለም»፣ «ለም ጠፍ»፣ «ጠፍ» ተብሎ ሲመደብ፣ ግብሩን የምታከብደውም የምታቀልለውም በመዝገብ የምትጻፈው አንዲት ቃል ነበረች። «ተመደበ» ተብሎ ከተጻፈ በኋላ መዳቢውን ፈልጎ ማግኘት ዘበት ነው።

ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. ድረስ በባሌ የገበሬዎች ዐመፅ ሆነ። ከመሪዎቹም ዋቆ ጉቱ ስሙ የታወቀ ነው። የታሪክ ምሁሩ ገብሩ ታረቀ በ1991 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን ዐመፅ ከትግራይና ከጎጃም የገበሬዎች ዐመፅ ጋር አያይዘው መርምረውታል። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። የመሬት መነጠቅና የግብር ክብደት፣ በሃይማኖትና በብሔር የደረሰው በደል፣ ከሶማሊያ በኩል የተገኘውም ድጋፍ ሁሉ አለበት። የሹማምንቱ አድራጎት ግን ከዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ እንደ ሆነ ማንም አይክድም። እንግዲህ ልጠይቅ። በዚያ ዘመን የመንግሥትን ክብር ያፈረሰው ሳቂ ነበርን? በመሥሪያ ቤት የሚሳለቅ ልብ ወለድ አንብቦ ጠመንጃ ያነሣ ገበሬ ነበርን? አልነበረም። ክብርን ያፈረሰው የተዘጋው በር ነው። የተበደለ ሰው በበዳዩ ላይ በአደባባይ መሳቅ ከተፈቀደለት ገና ተስፋ አልቈረጠም ማለት ነው። መሳቅ ያቆመውን ሰው ግን ፍሩት።

ሳቅን የሚፈሩ ሹማምንት ምን እንደሚያደርጉ ደግሞ ከእኛው ደራሲ ሕይወት እንማራለን። በዓሉ ግርማ ዐመፁ ባበቃበት በዚያው በ1962 ዓ.ም. «ከአድማስ ባሻገር» የተባለውን ልብ ወለድ አሳተመ። በመጽሐፉ ውስጥ አበራ ወርቁ የሚባል የመንግሥት ሠራተኛ አለ። ደመወዝ አለው፤ ልቡ ግን ወደ ሥዕል ያዘነብላል፤ በእንጀራውና በፍላጎቱ መካከልም ይንገላታል። ለስንቱ አንባቢ የራሱ ታሪክ ነበር! በኋላም በዓሉ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ሆኖ ሳለ፣ የቀይ ኮከብን ዘመቻ በቅርብ አይቶ፣ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን አሳተመ። ከሩቅ ሰምቶ የጻፈ ሰው አልነበረም፤ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጦ ያየ ሰው ነበር። መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት ወር 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ሳይመለስ ቀረ። ይህን ስናወራ እንኳ ምን እንደምንል አስተውሉ። «ተሰበሰበ፣ ተባረረ» እንላለን። የሰበሰበው ማን ነው? ያባረረው ማን ነው? ባለቤት የሌለው ግስ በመጨረሻ ሰው እስከ መዋጥ ይደርሳል። ስለዚህ «ሳቅ ቀልድ ነው፤ ልብ ወለድም የሥራ ፈት ወሬ ነው» የሚላችሁን አትስሙ። ቀልድ ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ባላስፈራ ነበር።

ሌላው ተከራካሪ ደግሞ «ይህ የድሮ ነገር ነው፤ ዛሬ ኮምፒዩተር ገብቷል፤ ባለጉዳዩም በገዛ ቋንቋው ይናገራል» ይለኛል። እውነት ነው፤ ዛሬ በኦሮሚያ የሥራው ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለ ሆነ የዲንሾ ገበሬ የራሱን አቤቱታ ራሱ ያነባል። ይህ ታላቅ ነገር ነው፤ የሚያናንቀውም ሰው ካለ በአስተርጓሚ አፍ አቤት ብሎ አያውቅም። ነገር ግን ባለቤት የሌለው ግስ የአማርኛ ብቻ አይደለም፤ በኦሮምኛም ተደራጊ ግስ አለ፤ በእንግሊዝኛም አለ። ኮምፒዩተሩም ቢሆን ለሰነፍ ሰው አዲስ መሸሸጊያ ሆነለት። ቀድሞ «ዶሴው አልተገኘም» ይባል ነበር፤ ዛሬ «ሲስተም የለም» ይባላል። «ሲስተም» ማን ነው? ደመወዝ ይበላል? እናት አለው? በር ላይ ከሌሊት ጀምሮ የቆመውን ሰው ዐይን አይቶ ያፍራል? በእውነት መሥመሩ የሚቋረጥበት ቀን አለ። ዳሩ ግን መሥመሩ ሳይቋረጥም የሚቋረጥ ሰው እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን።

ሦስተኛው ክርክር ከሁሉ ይከብዳል፤ ይኸውም «ሳቅ ሰውን ያሰንፋል፤ ስቆ የወጣለት ሰው ነገሩን አያርመውም» የሚለው ነው። ይህን ክርክር አልንቀውም። በየቡና ቤቱ በአለቆቻችን ስንስቅ አምሽተን ጧት ተመልሰን የእነርሱን ሥራ የምንሠራ ብዙ ነን። አለቃ ገብረ ሐናን ያፈራ ሕዝብ ሳቅ አልቸገረውም። የቸገረው ሳቂው ራሱን በሳቁ ውስጥ ማግኘቱ ነው። ይህንም በሌላ ሰው ላይ ከምመሰክር በራሴ ላይ ልመስክር።

በወጣትነቴ በአንድ የደጋ ከተማ፣ ስሙን በማልጠራው መሥሪያ ቤት፣ በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት ጥቂት ጊዜ ሠርቻለሁ። አንዲት አሮጊት የሟች ባልዋን የጡረታ ወረቀት ልትጠይቅ መጣች። ዶሴው የት እንዳለ አውቅ ነበር፤ ከመደርደሪያው ግርጌ፣ ከሌሎች ብዙ ዶሴዎች በታች ነበረ። እርሱን ለማውጣት ክምሩን በሙሉ ማውረድ ያስፈልጋል፤ ሰዓቱ ደግሞ የሻይ ሰዓት ነበር። ስለዚህ «እማማ፣ ዶሴው አልተገኘም፤ ሳምንት ይመለሱ» አልኋት። በሳምንቱ መጣች፤ ይህንኑ ነገርኋት። በሦስተኛው ጊዜ ስትመጣ እንቁላል በመሐረብ ቋጥራ ይዛልኝ መጣች። እኔም «እማማ፣ እኔ ጉቦ አልበላም!» ብዬ በጓደኞቼ ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ መለስሁባት። ያን ዕለት ራሴን እንደ ቅን ሰው ቈጥሬ ኰርቼ ወደ ቤቴ ገባሁ። አባቶች «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» ሲሉ እኔ ግን ሳልበላ የምቀር ጻድቅ ነኝ ብዬ አሰብሁ። ሳልበላ መቅረቴ እውነት ነው፤ የራባት ግን እርስዋ ነበረች። በአራተኛው ሳምንት አልመጣችም። ለምን እንደ ቀረች እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ከብዙ ዘመን በኋላ በዚያ የቺካጎ መጽሐፍ ውስጥ ሰዎቹ የጓደኛቸውን ወንበር ሲቀያየሩ አንብቤ ከት ብዬ ሳቅሁ። ሳቁ ከአፌ ሳይወጣ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝና ቀጥ አልሁ። በዚያ መዝገብ ቤት የተቀመጥሁበት ወንበር የእኔ አልነበረም፤ ወደ ሌላ አውራጃ የተዛወረው ጓደኛዬ ትቶት የሄደው፣ እግሩ የማይነቃነቅ ወንበር ነበረ። ቍጥሩንም በምላጭ የፋቅሁት እኔ ነኝ። በወንበሩ ትዝታ ላይ ተከትላ ያቺ አሮጊት መሐረብዋን ይዛ መጣች። ስንት የምክር መጽሐፍ አንብቤያለሁ፤ «ትጉ ሁን፣ ቅን ሁን» የሚል ስንት ስብከት ሰምቻለሁ፤ አንዱም እርስዋን ወደ እኔ አላመጣትም። ስብከት ሲሰማ ሰው ጎረቤቱን ያስባል። ስቆ የተያዘ ሰው ግን የሚያመልጥበት የለውም፤ ነገሩ እውነት መሆኑን ሳቁ ራሱ መስክሮበታል።

ያን ጊዜ «አልተገኘም» ማለቴ ሐሰት ነበር። እውነተኛው ቃል «አልፈለግሁም» ነበረ። በአማርኛ «አልፈለግሁም» ማለት ሁለት ትርጕም አለው፤ አንዱ አሰሳ አላደረግሁም ማለት ነው፤ ሁለተኛው ፈቃዴ አይደለም ማለት ነው። በእኔ ዘንድ ሁለቱም እውነት ነበሩ። «አልተገኘም» የሚለው ግስ ሁለቱንም ሸፈነልኝ።

ስለዚህ፣ ወጣቶች ሆይ፣ በመሥሪያ ቤት የሚስቁትን መጻሕፍት አንብቡ። ስታነቡም በአለቃችሁ ፊት ላይ የሚስማማውን ገጽ ብቻ አትፈልጉ፤ በእናንተ ላይ የሚሰፋውን ልብስ ፈልጉ። ችሎታው ያላችሁ ደግሞ ጻፉ። ጎባና ሮቤ፣ ዲንሾና ጊኒር ያላችሁ ሁሉ ስለ በሩ፣ ስለ ኮቱ፣ ስለ ኖራው፣ ስለ ግልባጩ ጻፉ፤ በአማርኛም ቢሆን በአፋን ኦሮሞም ቢሆን ጻፉ። የተሰቀለውን ኮት ለብሶ የሚወጣ ሰው ፍጠሩለት። ነገር ግን «እነርሱ» ብላችሁ አትጀምሩ፤ «እኛ» ብላችሁ ጀምሩ። «እነርሱ» ብሎ የሚጀምር ደራሲ ራሱን ከበሩ ውጭ ያቆማል፤ አንባቢውንም አብሮ ያጸድቀዋል።

ለእኒያ ለተከበሩት ሰውም መልሴ ይህ ነው። በመሥሪያ ቤት መሳቅ በመንግሥት መሳቅ አይደለም። ገበሬው በግብሩ ያቆመውን ቤት የገዛ ቤቱ አድርጎ መቍጠር ነው እንጂ። ሰው በማያገባው ቤት አይሳለቅም፤ ትቶት ያልፋል።

ነገ ከእናንተ አንዱ በዚያ ወንበር ይቀመጣል። በብርድ ከሌሊት ጀምሮ የቆመ ሰው ወረቀቱን ከብብቱ አውጥቶ ይሰጠዋል። ዶሴውም ከመደርደሪያው ግርጌ ይሆናል፤ ሰዓቱም የሻይ ሰዓት ይሆናል። በዚያን ጊዜ «አልተገኘም» አትበሉት። ተነሥታችሁ ክምሩን አውርዱ። ፈልጋችሁ ያጣችሁ እንደ ሆነም «ፈልጌ አጣሁት፤ ነገ እንደ ገና እፈልገዋለሁ፤ ስሜ እገሌ ይባላል» በሉት።